ከመሬት አራት ሜትር ከፍታ ላይ የተበላ ምሳ

«ማዕዱ ቀረበ ውሃውም ተቀዳ፣
ምነው ቀረ ዛሬ ያ የቤት እንግዳ፤
እህል ምን ያደርጋል ቆመው ከጎረሱት፣
እም… እምም… እምምም… እም…»

ዘፈኑ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይሰበርባታል። አራተኛው ስንኝ እስከ ምላሷ ጫፍ ይመጣና እንደ ዓይን አፋር ልጅ በበሩ ስንጥቅ አጮልቆ ይመለሳል። ታዲያ እሷም አታሳድደውም። እምምታውን ታስረዝምና ከመጀመሪያው ትጀምራለች፤ እጇም ከዘፈኑ ጋር ይሄዳል። ሹካው ከትሪው ጠርዝ አንድ ጣት፣ ዳቦው በቀኝ፣ የውሃ ኩባያው አፉን ደፍቶ በግራ፣ ኬኩ ጥግ ላይ።

በአውሮፕላን ማረፊያው ጓሮ ባለው የበረራ ወጥ ቤት፣ ነጭ ቆቧን እስከ ቅንድቧ ደፍታ ትሪ ስትደረድር ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። አንድ ጣት ካለች አንድ ጣት ነው። ሹካውን ጣት ተኩል ያደረገ አዲስ ሠራተኛ ካጋጠማት አትቆጣም፤ ዝም ብላ ሹካውን፣ ቀጥሎ ሰውየውን፣ ቀጥሎ እንደገና ሹካውን ታያለች። ከዚያ እይታ ስድብ በስንት ጣዕሙ! ስለዚህ እናቷ ያወጣችላት ስም በደመወዝ ወረቀት ላይ ብቻ ቀርቶ፣ ከዘበኛው እስከ አለቃው ሁሉም «እትዬ ልክ» ይሏታል።

በዚያ ወጥ ቤት ወንበር የሚባል ነገር የለም። ድሮ ነበረ። አንድ ቀን ግን በስብሰባ ላይ ወንበር ተህዋስያን ይሰበስባል ተባለና ተለቅመው ወደ ስብሰባ አዳራሹ ተጋዙ። ተህዋስያኑ አለቆችን የሚደፍሩ አይመስልም። ከዚያ ወዲህ እትዬ ልክ ምሳዋን የምትበላው የማቀዝቀዣ ክፍሉን በር ተደግፋ፣ ቆማ ነው። በቀን ሺህ ሰው አየር ላይ ታበላለች፤ እሷ ግን አንድም ቀን በርራ አታውቅም። አውሮፕላንን የምታውቀው ላም አላቢ ላምን በሚያውቅበት በኩል፣ በሆዱ ነው።

የዚያን ቀን ማለዳ የልዩ ምግቦች ወረቀት ሲደርሳት በእጇ የነበረው ዳቦ መሬት ወደቀ።

ወረቀቱ ላይ «ወንበር 14ሐ፣ ስኳር የሌለው» ይላል። ከጎኑ ስም አለ። ስሙ የታላቅ ወንድሟ፣ የአባት ስም የአባቷ፣ የአያት ስም የአያቷ።

ከወንድሟ ጋር ከተነጋገሩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። እናታቸው ያረፈችው መንገደኛ እንደ ጉንዳን በሚተራመስበት ወቅት ነበር። እትዬ ልክ መርዶውን የሰማችው አራት መቶ ትሪ ፊቷ ተደርድሮ ነው። የዚያን ጊዜው አለቃ ትከሻዋን ነካ ነካ አድርጎ «እግዜር ያጽናሽ፤ ይህችን ጨርሽና ሂጂ» አላት። ጨረሰች። አንዱም ሹካ አልተዛነፈም። ቀብሩ ላይ ስትደርስ አፈሩ ተመልሶ፣ ሰው ጫማውን እያራገፈ ይበታተን ነበር። ወንድሟ ከነጓንቷ አያት፤ ማውለቅ ረስታው ነበር። ከዚያም ሰው ሁሉ እየሰማ «ትሪው አለቀልሽ?» አላት። ከዚያች ቃል ወዲህ በመካከላቸው ደብዳቤም፣ ስልክም፣ «ሰላም በልልኝ»ም አላለፈም።

አሁን ግን ስሙ በእጇ ላይ ነው። ወረቀቱን ደጋግማ አነበበች። ስኳር! መቼ ያዘው? ማን ነገራት? ትሪውን እሷው ሠራችው፣ ሌላ እጅ አላስነካችም። ቲማቲሙን ስስ አድርጋ ቆረጠች፣ የዶሮውን ቆዳ ገፈፈች፣ በኬኩ ቦታ ብርቱካን ላጠች። ሽፋኑን ልታሽግ ስትል አንድ ነገር አየች፤ ሹካው ከጠርዙ ጣት ተኩል ሆኗል። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንዲት ሹካ ያመለጠቻት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ልታስተካክለው አሰበችና ሰዓቱ ደርሶ ስለነበር አሸገችው። አውሮፕላኑ ሦስት ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ወንድሟ ከሌላ አገር ማለዳ ገብቶ እዚህ አውሮፕላን የሚቀይር መንገደኛ ነው፤ ትሪው ይደርሰዋል፤ ይበላል። ማን እንደሠራው አያውቅም። «ባያውቅስ» አለች በሆዷ፤ «እህል ስም አይጠይቅም።»

ተራራው ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው።

ከባሕር ማዶ ነው አሉ፣ ስሙን ሲጠሩት ምላስ የሚቋጠርበት ተራራ። ስንት መቶ ዓመት ጭጭ ብሎ ተኝቶ ሲያበቃ፣ እትዬ ልክ ትሪዋን ባሸገች በሰዓቱ አስነጠሰው። አመዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ በአውሮፕላን መንገድ ላይ እንደ ጋቢ ተዘረጋ። ያ አመድ ሞተር ውስጥ ከገባ ቀልጦ መስታወት ይሆናል፤ ስለዚህ በዚያ በኩል የሚያልፍ በረራ ሁሉ ቆመ ተባለ።

ችግሩ አመዱ አለመታየቱ ነው። ከወጥ ቤቱ በር ሆነው ሽቅብ ሲያዩት ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ሰማያዊ አንሶላ ይመስላል። የምግብ መኪናው ሹፌር፣ እጀታ ሲጫን እስከ አውሮፕላን በር ከፍ የሚለውን መኪና የሚነዳው ቀልደኛ፣ ጣቱን ምራቁ ውስጥ ነክሮ ወደ ነፋሱ ቀሰረ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ አመድ አውቃለሁ። ሚስቴ ስታኮርፍ ፊቷ አመድ ይመስላል። ይሄ ግን አመድ አይደለም።»

«አንተ ደግሞ፣ ለተማሩት ተውላቸው።»

«የተማሩትማ ምን ይላሉ መሰለሽ? ዘገየ እንጂ አልተሰረዘም!»

ነገሩ እንዲህ ነው። በረራን ለመሰረዝ የበረራ ኃላፊው ፊርማ ያስፈልጋል፤ የበረራ ኃላፊው ደግሞ ስለ በረራ መዘግየት በሚመክር ጉባኤ ላይ ሌላ ከተማ ሄዶ፣ በአመዱ ምክንያት መመለሻ አጥቶ ተቀምጧል። ማዘግየት ግን ፊርማ አይፈልግም፣ ቁልፍ መጫን ነው። ስለዚህ ሦስት ሰዓት የነበረው አምስት ሰዓት ሆነ፤ አምስት የነበረው ሰባት ሆነ። በየሁለት ሰዓቱም የወጥ ቤቱ ኮምፒውተር አዲስ የመነሻ ሰዓት ባየ ቁጥር አዲስ በረራ ተወለደ ብሎ አዲስ መቶ ሰማንያ ትሪ ያዛል። ማንም አያስቆመውም፤ ማስቆም መሰረዝ ነው፣ መሰረዝ ደግሞ ፊርማ ነው። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ለአንድ ለማይነሳ አውሮፕላን ሦስት ጊዜ ምሳ ተሠራ። የማቀዝቀዣው ክፍል ሞልቶ ጋሪዎቹ ኮሪደሩ ላይ ተሰለፉ። እትዬ ልክም ደረደረች። ሹካው አንድ ጣት፣ ዳቦው በቀኝ። «ማዕዱ ቀረበ፣ ውሃውም ተቀዳ…»

ከግድግዳው ባሻገር ያለው አዳራሽ ግን በረሃብ አለቀ። ሻይ ቤቱ እስከ አራት ሰዓት ያለውን ብስኩት ሸጦ ዘጋ። ክፍት የቀሩት ሽቶ ቤቱ፣ ሰዓት ቤቱና የአንገት ትራስ የሚሸጠው ሱቅ ብቻ ናቸው። ሕዝቡ እየተራበ፣ ግን ሽቶ ሽቶ እየሸተተ፣ ሰዓቱን በትክክል እያወቀ፣ አንገቱን አስደግፎ ተቀመጠ።

ሰባት ሰዓት ላይ ሹፌሩ ከአዳራሹ በኩል ሲመለስ አልቀለደም።

«እትዬ፣ ጠዋት ፈልግልኝ ያልሽኝን ወንድምሽን አገኘኋቸው መሰለኝ። ባርኔጣ ያደረጉ፣ ቀጭን፣ የድሮ የኪስ ሰዓት የያዙ ሽማግሌ። ምሰሶ ሥር ተቀምጠዋል።»

ወንድሟ ዕድሜውን ሙሉ ሰዓት ሲጠግን የኖረ ሰው ነው።

«እንዴት ነው? ምን ይላል?»

«ምንም አይሉም። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ጎናቸው ያለችው ሴትዮ ‹ጠዋት የስኳር መርፌያቸውን ተወግተዋል፣ አውሮፕላን ላይ እበላለሁ ብለው ነው› አለችኝ። ከረሜላ ሰጠኋቸው፣ ላብ በላብ ሆነው ‹አመሰግናለሁ ልጄ› ብለው ጎረሷት። ግን አንዲት ከረሜላ ምን ትሠራለች?»

እትዬ ልክ ሽርጧን አጥብቃ አሰረች። ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል ገባች። ከሦስቱ ትውልድ ትሪ መካከል የመጀመሪያውን፣ የጣት ተኩሉን፣ መዝዛ አወጣች። ሽርጧ ሥር አድርጋ ወደ በሩ ሄደች።

በሩ ላይ አቶ አንቀጽ ቆመዋል።

አቶ አንቀጽ የቁጥጥር ሹሙ ናቸው። ሌላ ስም አላቸው፤ ግን አንቀጽ ሳይጠቅሱ «እንዴት አደራችሁ» እንኳ ስለማይሉ ስማቸው ይኸው ሆነ። በደረት ኪሳቸው የምግብ ሙቀት መለኪያ አለ፤ በብብታቸው የደንቡ መጽሐፍ። ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ለመሆን ራስን ማዘዝ ይጠይቃል፣ እሳቸው ደግሞ ያለ ደንብ ምንም አያዙም።

የሽርጡን ጉብታ አዩ። ወዲያው አዘኑ።

«እርስዎ? እርስዎ እትዬ ልክ?»

«ወንድሜ ነው» አለች። «ስኳር አለበት። አዳራሽ ውስጥ እየወደቀ ነው።»

«ይገባኛል። ከልቤ ይገባኛል። ግን ይህ የሰማይ ምግብ ነው። መሬት ላይ ቢበላ፣ የሆነ ሰው ሆዱን ቢቆርጠው፣ ማነው የሚጠየቀው? ደግሞ ከታሸገ ሰዓቱን እየቆጠረ ነው፤ አሥር ሰዓት ሲሆን ሰማያዊ ቀለም ተረጭቶበት ይደቆሳል። ሁሉም።»

«አምስት መቶ አርባ ትሪ?»

«አምስት መቶ አርባ። ትሪው ግን ይታጠባል» አሉ ለማጽናናት።

«የት ላይ ነው መሬት ላይ አይበላም የሚለው?»

በሃያ ስድስት ዓመት እትዬ ልክ ደንብ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነው። አቶ አንቀጽ ፊታቸው በራ። ሰው እንዲህ ብሎ እንዲጠይቃቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል መጽሐፉን ከብብታቸው አወጡና ጣታቸውን ልሰው ገለጡላት። ትሪውን መደርደሪያ ላይ አስቀምጣ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። «ማንኛውም የታሸገ ምግብ በአውሮፕላን ውስጥ፣ በወንበር ቁጥሩ ላይ ለተቀመጠ ተሳፋሪ ብቻ ይሰጣል።»

ደግማ አነበበችው። ሦስተኛ ጊዜ ጣቷን እየጎተተች አነበበችው፤ ትሪ ስትፈትሽ እንደምታደርገው፣ ምን እንደጎደለ እያየች።

«አቶ አንቀጽ… ይቅርታ፣ ጌታዬ። አውሮፕላኑ መብረር አለበት ይላል እንዴ?»

«እንዴ! አውሮፕላን ነዋ!»

«ይላል ወይ?»

ገለጡ። መልሰው ገለጡ። አባሪውን አዩ፣ የአባሪውን ግርጌ አዩ። ላብ ችፍ አለባቸው።

«አይልም» አሉ በመጨረሻ፣ የሃይማኖታቸው ምሰሶ እንደተነቃነቀ ሰው።

«እንግዲህ አውሮፕላኑ እዚያ ቆሟል። ወንበሩም አለው፣ ቁጥሩም አለው። ምግቡ ወደ ሰው መሄድ ካልቻለ፣ ሰው ወደ ምግቡ ይምጣ።»

አቶ አንቀጽ ለሥራ አስኪያጁ ደወሉ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ በዚያች ቅጽበት በሬዲዮ «መንገደኞቻችን ትኩስ ምሳ ተመግበው በደስታ እየጠበቁ ይገኛሉ» ብለው ማይክሮፎኑን ማስቀመጣቸው ነበር። ያሉት እውነት ሆኖ መገኘት የሚችልበት መንገድ ሲቀርብላቸው አላመነቱም።

«ይሳፈሩ!» አሉ። «ግን ማንም ‹ምሳ› እንዳይል። ‹የመሳፈር ሂደት› በሉት።»

ስምንት ሰዓት ላይ ጥሪው ተሰማና አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ሰው ሻንጣውን እየጎተተ፣ የገዛውን የአንገት ትራስ እንደ ሜዳሊያ አንገቱ ላይ አጥልቆ ተሰለፈ። በሩ ላይ እውነቱ ሲነገረው ተሳደበ፤ ግን ዶሮ የሚል ቃል በሰልፉ ውስጥ ከኋላ ወደ ፊት እንደ ነፋስ አለፈና ስድቡ ቀስ በቀስ ወደ «ዶሮ ወይስ ፓስታ?» ተለወጠ።

አስተናጋጆቹ የሥራ ሰዓታቸው አልቆ ሆቴል ገብተው ነበር፤ አቶ አንቀጽም የጤና ካርድ የሌለው ምግብ አይሰጥም አሉ። የጤና ካርድ ያላቸው የወጥ ቤት ሠራተኞች ብቻ ናቸው። እትዬ ልክና አምስት ባልደረቦቿ ከጋሪዎቹ ጋር የሹፌሩ መኪና ላይ ቆሙ፤ ሹፌሩ እጀታውን ጫነ፤ መሬቱ ቀስ ብሎ ከሥራቸው ራቀ።

«እትዬ፣ በረርሽ!» አላት ከታች።

«ዝም በል፣ ሆዴን አታባባው።»

የአውሮፕላኑ ውስጥ ካሰበችው ይጠብባል። ጠረጴዛዎቹ ከመሐረብ አይሰፉም። የመጀመሪያውን ትሪ ለአንድ ወፍራም ሰውዬ ስታስቀምጥ ሹካው በራሱ ተንሸራቶ ከጠርዙ ጥግ ተወሸቀ። የሁለተኛውም። የሦስተኛውም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የለካችው አንድ ጣት፣ ገና መኪና ላይ ሲጫን ጀምሮ ይበተን ኖሯል! ትንሽ ቆመች። ከዚያ ሹካውን በወደቀበት ትታ ጋሪውን ገፋች።

መንገደኞቹ ደንብ ነውና ቀበቶ ታጥቀዋል። አብራሪው፣ መብራቱን ለማብራት ብቻ ተብሎ የተጠራው፣ ማይክሮፎን እጁ ከገባ አላስቻለውም። «ክቡራን መንገደኞች፣ ከመሬት በአራት ሜትር ከፍታ ላይ፣ በሰዓት ዜሮ ኪሎሜትር ፍጥነት እየተጓዝን ነው። አየሩ ጥሩ ነው።» አንዱ አጨበጨበ። አንዲት ሴት የመስኮት ወንበር ይሰጠኝ ብላ ተጨቃጨቀች፣ ከመስኮቱ የሚታየው የሽንት ቤት ግድግዳ ነው ቢሏትም አልተመለሰችም። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው «ደረስን?» አሉ። «ገና ነው አባባ» አላቸው ጎረቤታቸው፣ «ግን ፓስታው መጥቷል።»

አሥረኛው ረድፍ። አሥራ ሁለተኛው። እትዬ ልክ ያን ትሪ ከጋሪው አናት ላይ ለብቻው አኑራዋለች። ምን እንደምትለው አላሰበችም። ትሪውን ታስቀምጣለች፤ ቀና ካለ አለ፣ ካላለም ታልፋለች።

አሥራ አራት ደረሰች።

14ሀ ላይ አንዲት ወጣት ወንበሯ ውስጥ ተኮማትራ ተኝታለች። 14ለ ባዶ ነው። 14ሐም ባዶ ነው።

«እዚህ የሚቀመጡት ሰውዬስ?» ብላ ከኋላ ያለችውን ሴት ጠየቀች።

«ባርኔጣ ያላቸው? ምሰሶው ሥር ቀሩ። ተነሱ ብንላቸው ‹ለማይበር አውሮፕላን አልነሳም› አሉ። መነሳትም የቻሉ አልመሰለኝ።»

እትዬ ልክ ጋሪውን እንደያዘች ቆመች። ፊቷ ሰማንያ ሰው ትሪውን ይጠብቃል። ከኋላዋ አቶ አንቀጽ የሙቀት መለኪያቸውን ፓስታ ውስጥ እየነከሩ ይመዘግባሉ። የወጥ ቤት ሠራተኛ ወደ መንገደኞች አዳራሽ አይገባም፤ ይህኛው እንኳ መጽሐፍ ሳይገለጥ የታወቀ ነው፣ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል፣ ያለፈ ይባረራል። ዘጠኝ ዓመት ወደኋላ አንድ እጅ ትከሻዋን ነካ ነካ ሲያደርግ ተሰማት። ይህችን ጨርሽና ሂጂ።

ጋሪውን ለቀቀችው።

«እትዬ ልክ! ወዴት? አገልግሎቱ አላለቀም!» አሉ አቶ አንቀጽ።

«አላለቀም» አለች ሳትዞር።

በመንገደኛ ደረጃ ወረደች። ፀሐይ የመታውን ሜዳ ከነቆቧ ተሻገረች። ቀዩን መስመር ስታልፍ ዘበኛው ሊከለክላት አፉን ከፈተና፣ ፊቷን አይቶ መልሶ ገጠመው። አዳራሹ ባዶ ሆኗል፤ የብስኩት ወረቀትና የሽቶ ጠረን ብቻ ቀርቷል። ምሰሶው ሥር፣ ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ፣ የኪስ ሰዓቱ መዳፉ ውስጥ፣ ወንድሟ ተቀምጧል። አርጅቷል። አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ ቀጥኗል። ከንፈሩ ነጥቷል።

«ወንድምጋሼ።»

ቀስ ብሎ ቀና አለ። ቆቧን አየ። እጇን አየ። ዛሬም ከነጓንቷ ናት።

«ትሪው አለቀልሽ?» አላት።

ያችው ቃል ናት። ድምፁ ግን የሚሰማው ከሩቅ ነው።

«አላለቀም። ሰማንያ ይቀረዋል። ትቼው መጣሁ።»

ሰዓቱን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ዓይኑ ሞላ።

«እንግዲያው እጅሽን ስጪኝ» አለ። «እግሬ አልታዘዝ ብሎኛል። ኩራት እንዳይመስልሽ… ግማሹ ኩራት ነው፣ ግማሹ ስኳር ነው።»

ብብቱ ሥር ገብታ አነሳችው። ሸክሙ የትሪ ቁልል ያህል እንኳ አይሆንም። ሜዳውን ሲያቋርጡ ነፋሱ ባርኔጣውን ሊወስድበት ሲታገል በአንድ እጇ ያዘችለት።

«ያንን ጭስ ያስነሳው ተራራ ስሙ ማነው?» አላት።

«አይጠራም።»

«ይባረክ።»

«ደሞ ለምኑ! ሊገልህ አልነበር?»

«ሌላ መንገድ ነበረኝ እኮ፣ በቀጥታ የሚወስድ» አለ ደረጃው ላይ ቆሞ እየተነፈሰ። «የልጄ ልጅ ተወልዳ እሷን ላይ ነው የምሄደው። ቲኬት የሚሸጡትን በዚህ በኩል ልዙር አልኳቸው። ወረቀቱን ሲሞሉልኝ ልዩ ምግብ አለዎት ወይ አሉኝ። አለኝ አልኩ፤ ስሜንም በትልቁ ጻፉ አልኳቸው። በእጅሽ ያልፋል ብዬ።»

ክንዱን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

አውሮፕላኑ ውስጥ ሲገቡ ሰው ሁሉ እየበላ ነበር፤ ባልደረቦቿ የእሷን ሰማንያ ትሪ ተከፋፍለው ጨርሰዋል። ከሹካዎቹ ያልተንሸራተተ የለም፣ የተከፋ ደግሞ አንድም ሰው የለም። ወንድሟን 14ሐ ላይ አስቀምጣ ትሪውን አቀረበችለት፣ መጀመሪያ ብርቱካኑን አጎረሰችው። ሁለተኛውን ፍሬ ሲውጥ ከንፈሩ ቀለም ያዘ። ሦስተኛውን ራሱ አነሳ። ሹካውን ሊያነሳ ሲል ግን እጁ አየር ላይ ቀረና ዓይኑን አጥብቦ ተመለከተ። ሹካው ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ፎቶ የትም አልሄደም፤ ይህን ትሪ ከጋሪ ወደ ጋሪ ያሸጋገረችው እሷ ራሷ ነበረች፣ እንደ ሕፃን አቅፋ።

«ጣት ተኩል» አለ። «ልጅ ሆነሽ የእናታችንን ጠረጴዛ ስታሰናጂ አንድ ጣት ነበር። ታመሽ ነበር እንዴ?»

«ስምህን አንብቤ ነው።»

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል፣ ሳሉ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና በመሐረቡ አፍንጫውን ጠረገ። በዚህ መሃል የአቶ አንቀጽ ጫማ በወንበሮቹ መካከል እየተንቋቋ መጣና አጠገባቸው ቆመ። እትዬ ልክ ቀና ብላ ተነሳች፤ ቀዩን መስመር፣ የተተወውን ጋሪ፣ ሃያ ስድስቱን ዓመት በአንዴ አሰበቻቸው።

አቶ አንቀጽ መዝገባቸውን አዩ። «14ለ» አሉ። «ተሳፋሪው አልቀረበም። አንድ ምግብ ተርፏል።» ትሪውን ይዘውት ነበር። «ባለቤት ያልተገኘለት ምግብ ሰማያዊ ቀለም ተረጭቶበት…»

ብርቱካኑን የሚበላውን ሽማግሌ አዩ። የእትዬ ልክን እግር አዩ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ቆሞ ያበጠውን እግር። ደንቡን በልባቸው ሲገልጡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

«በወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ተሳፋሪ ይላል» አሉ ቀስ ብለው። «ቲኬት ይዞ ለተቀመጠ… አይልም። አባሪውም አይልም።»

ትሪውን 14ለ ፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ሹካውን በአውራ ጣታቸው ወደ ቦታው ገፉት፣ አንድ ጣት፣ ልክ። ከዚያ በመዝገባቸው ላይ «ባለቤቱ ተገኝቷል» ብለው ጻፉና የሌላ ሰው ፓስታ ሊለኩ ሄዱ።

«ነይ ግቢ» አላት ወንድሟ ጉልበቱን አሸሽቶ።

«ሥራ አለብኝ እኮ። ትሪው መሰብሰብ…»

«ዘፈኑን ረስተሽዋል ማለት ነው?»

«የትኛውን?»

«ስንጣላና እህል እምቢ ስንል እማዬ የምትዘፍንብንን ነዋ! ቆመሽ ስትጎርሺ አንቺ ላይ ነበር ይበልጥ የምትዘፍነው።» ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁ የዛገ የበር ማጠፊያ ነው፤ ዜማውን ግን አልሳተም።

«እህል ምን ያደርጋል ቆመው ከጎረሱት፣
ተኳርፈውም ቢሆን ቁጭ ብለው ካልበሉት።»

ሃያ ስድስት ዓመት በበር ስንጥቅ አጮልቆ ሲመለስ የኖረው ስንኝ ገብቶ መሃል ቤት ቆመ። ተኳርፈውም ቢሆን! ይህን ረስታ እኮ ነው፤ ይህን ብቻ።

አብራሪው በማይክሮፎኑ «ክቡራን መንገደኞች፣ መዳረሻችን የተነሳንበት ቦታ ስለሆነ…» ሲል ሰዉ ሳቀ፣ የሳቀውም እያጨበጨበ ጉርሻውን ቀጠለ። የእትዬ ልክ ጆሮ ግን እዚያ አልነበረም። በወንድሟ ጉልበት ላይ ተሻግራ 14ለ ውስጥ ገባች። ወንበሩ ከሥሯ ሲለሰልስ ደንግጣ የወንበሩን ክንድ ያዘች፤ ሰው ደንብ ነው አላትና ቀበቶዋን ታጠቀች። ቆቧን አወለቀች። ጓንቷን፣ አንዱን ቀጥሎ ሌላውን፣ አውልቃ ኪሷ ከተተች።

ዳቦውን ለሁለት ቆረሰች። ግማሹን ለወንድሟ ልትሰጥ እጇን ዘረጋችና ስኳሩ ትዝ አላት፤ ከቲማቲሟ አንዱን ክብ አንስታ ትሪው ላይ አኖረችለት። እሱም ከብርቱካኑ የመጨረሻዋን ፍሬ ወደ እሷ ገፋ።

ከዚያ እትዬ ልክ ተቀምጣ በላች።